ሩቅ የሚሄድ ዕቃ

የቁም ሳጥናችን በር ያለ ብልሃት አይከፈትም ነበር። በእጅ እጀታውን ይዞ፣ በጉልበት ታችኛውን ደግፎ፣ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። ጉልበቱን የረሳ ሰው ብርድ ልብስ፣ የጫማ ካርቶንና የባሌ የሽቦ ጥቅል ይናድበታል። ባሌ ኤሌክትሪሻን ስለሆነ ሽቦ መጣል ኃጢአት ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ልብስ መጣል አይሆንልኝም። በየዓመቱ "ዘንድሮስ አጸዳዋለሁ" ብዬ ሁሉንም አልጋ ላይ እዘረግፍና፣ አንድ በአንድ አይቼ፣ አዝኜለት፣ መልሼ እጠቀጥቀዋለሁ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይለኛል፤ የራሱን ሽቦ ታቅፎ።

ዘንድሮ ግን አማቴ መጡ።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት ነበሩ። ጣሪያው ላይ ዕቃ የሚጭኑት እሳቸው ናቸው። ሹፌሩ ከታች "ሞልቷል!" ሲል እሳቸው ከላይ "ይገባል!" እያሉ ስለሚመልሱ፣ ስማቸው ተረስቶ "ጋሽ ይገባል" ሆነው ቀሩ። ባሌ በልጅነቱ አባቱን የሚያያቸው በጉዞና በጉዞ መሀል ነበር። ወይ ተኝተው ያገኛቸዋል፣ ወይ ተኝቶ ጥለውት ይሄዳሉ። እናቱ ከሞቱ ወዲህ "አሁን እንኳ አብረን እንኑር" እያለ ለምኖ ለምኖ ሰለቸው። ሴት ልጃቸው ቤትም፣ ወንድማቸው ቤትም ይሄዱና ብዙ ሳይቆዩ "የሰው ቦታ መያዝ አልወድም" ብለው ሻንጣቸውን ያነሳሉ። እኛም ጋ የመጡት ጉልበታቸውን ሐኪም እንዲያይላቸው ነው። "ሁለት ሳምንት ብቻ" አሉን፣ ገና ሳይቀመጡ።

ባሌ ወደ ጓዳ ጎተተኝ። "እኛ ጋ ካልቆየ የትም አይቆይም" አለኝ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ዓይኑ የሕፃን ዓይን ሆኖ ነበር። አንጀቴን በላው።

ለአማቴ የሰጠናት ክፍል ዕቃ ቤት የነበረች ናት፤ አልጋ ከገባባት ወዲህ በሯ እንኳ በግድ ነው የምትዘጋው። ስለዚህ ልብሳቸው መግባት ያለበት እኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እስከዚያው ሻንጣቸው ሳሎን ጥግ ቆመ። ሸሚዝ ባስፈለጋቸው ቁጥር በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው፣ እጅ የምታስገባ ያህል ከፍተው፣ አውጥተው መልሰው ይዘጋሉ። የዚያች ዚፕ ድምፅ ቤታችን ውስጥ መሰማቱ ያናድደኝ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት ባሌ ሥራ ሲሄድ በሩን በጉልበቴ ደግፌ ከፈትኩና ሁሉንም አልጋ ላይ ዘረገፍኩት።

"ልጄ፣ ልግባ?"

አማቴ ደፉ ላይ ቆመዋል፣ ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዙረው። ለካ ከክምሩ አናት ላይ የውስጥ ልብሴ ተዘርግቷል። ብርድ ልብስ ወረወርኩበትና "ይግቡ አባባ" አልኩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ገቡ። አልጋውን አዩ፣ ቁም ሳጥኑን አዩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደገና አልጋውን አዩ። ከመጡ ወዲህ ፊታቸው እንዲህ ሲበራ አላየሁም።

"ማነው ይሄን የጫነው?"

"እኔው ነኛ።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ሳቁ። "ነይ እስቲ። ዕቃ ዝም ብሎ አይነሳም፤ መጀመሪያ ይጠየቃል።"

"ምን ተብሎ?"

"'የት ነው የምትወርደው?' ተብሎ።"

የእሳቸው ሕግ ይሄ ነው። ቅርብ የሚወርድ ሰው ዕቃ ለጣሪያው መሰላል ቅርብ ይሆናል። እስከ መጨረሻው የሚሄድ ሰው ዕቃ ግን ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ ወደ ውስጥ ይጫናል። ይህ ከተሳሳተ በየመንገዱ የአንዱን ለማግኘት የሌላውን ሲያወርዱ ሲጭኑ መዋል ነው፤ "ልክ አንቺ ካልሲ ስትፈልጊ እንደምትሆኚው" አሉኝ። ተሳፋሪ የሌለው ዕቃ ደግሞ ጭራሽ አይጫንም።

የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ከሠርጌ በፊት የገዛኋት ጂንስ ሆነች። ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩዋት።

"የማን ናት?"

"የኔ።"

እኔን አዩ፣ ጂንሷን አዩ፣ ጨዋ ሰው ናቸውና ጣሪያውን አዩ። "ባለቤቷስ መንገድ ላይ ወርዳለች" አሉ። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። እኔ ነኝ የምላችሁ፣ ያቺን ጂንስ ለስንት ዓመት ታቅፌያት የኖርኩት፣ በገዛ እጄ አጣጥፌ ለሰው የሚሰጥ ከረጢት ውስጥ ከተትኳት። ሌሎቹም ተከታተሏት። አንገቱ የለቀቀ ሹራብ፣ ክንዱ የጠበበኝ ቀሚስ፣ "ሰው ሲሞት ይሆነኛል" እያልኩ ያስቀመጥኩት እጅጌው የተላጠ ኮት። የባሌን ሽቦ ግን አልጣሉትም። "የተሳፋሪ ዕቃ ባለቤቱ ሳይኖር አይወርድም" ብለው በቀለበት በቀለበት ጠቅልለው ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ሽቦ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አምሮ ታየኝ።

ከዚያ መጫን ጀመርን። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ ጎበዝ እጅ ሳይ አውቃለሁ። የአማቴ እጅ አይቸኩልም፣ ግን አይመለስም፤ ያስቀመጠውን ደግሞ አያነሳም። ብርድ ልብሱን አስጠቀለሉኝና "በጉልበትሽ ተጫኚው፣ የኔ አልቋል" አሉኝ። ስጫነው ገመዱን አዞሩበት። ቋጠሮው ጫፉ ሲሳብ ብትን ይላል፣ ካልተሳበ ግን ንቅንቅ የለም። ጎማው የተሰበረው ሻንጣዬ ባዶውን ሊገባ ሲል ከእጄ ነጠቁኝ። "አየር ልትጭኚ ነው? አየር ሒሳብ አይከፍልም!" ሻንጣው ወፋፍራም ሹራቦቹን ሁሉ ዋጠ። ረጃጅሙን ልብስ በአንድ ወገን፣ አጫጭሩን በሌላ ወገን ሲሰቅሉት፣ ከአጫጭሩ ሥር ባዶ ቦታ ብቅ አለ፤ ጫማዎቹ በሙሉ እዚያ ገቡ።

"ይሄ ቦታ የት ነበር?" አልኳቸው።

"እዚሁ። ቦታ አይጠፋም ልጄ፣ ይደበቃል እንጂ።"

ቬሎዬ ላይ ስንደርስ እኔው ቀደምኩ። "ይሄስ ተሳፋሪ የለውም፣ ይሂድ።"

"ዝም በይ!" አሉ፣ ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። "ይሄማ ሩቅ ነው የሚሄደው።" በሁለት እጃቸው ይዘው ከሁሉ ወደ ውስጥ አኖሩልኝ። እኚህን ሰውዬ እንደ አባቴ የወደድኳቸው ያኔ ነው።

ሲያልቅ ቁም ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት። ውስጡ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ጎኑን ሁለቴ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ አውቶቡስ ላይ እንዲህ ሲደረግ ሹፌሩ ይነሳል አሉኝ። መሀል ላይ፣ ጎንበስ የማያስብለውን መደርደሪያ ባዶውን ትቼ "ይሄ የእርስዎ ነው፣ ልብስዎን ያስገቡ" አልኳቸው። "እሺ፣ እሺ" አሉ። እኔም ከረጢቶቹን ይዤ ጎረቤት ላደርስ ወጣሁ።

ስመለስ ባሌ ገብቷል። እንደ ልማዱ በሩን በጉልበቱ ደግፎ ሳበው። ምንም አልወረደበትም። እግሩን እንዳነሳ እንደ ሽመላ ቆሞ ቀረ።

"አባዬ ነው?"

"ታዲያ እኔ እሆናለሁ?"

"ሻንጣውም ገብቷል!" አለ ደስ ብሎት።

እውነቱን ነው፣ ሻንጣው ገብቷል። መደርደሪያቸው ላይ የእኛ ፎጣዎች ተደርድረውበታል። ሻንጣቸው ደግሞ እንደተዘጋ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ከሁሉ ወደ ውጪ፣ በሩ ሥር፣ ማንጠልጠያው ወደ እኛ ዞሮ። ባሌ ልብ አላለውም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስማር ውያለሁ። መሰላሉ አጠገብ የተጫነ ዕቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ቱግ አልኩ። ሻንጣውን አውጥቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና ፎጣውን፣ ጫማውን፣ የተሰቀለውን ልብስ እየጎተትኩ አልጋው ላይ መወርወር ጀመርኩ። አማቴ ድምፁን ሰምተው እያነከሱ መጡ።

"ምን ሆነሻል? ይሄን ሁሉ ለፍተን!"

"ጭነቱ ተሳስቷል፣ አባባ።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያላቸው ሰው የለም። "የቱ ጋ?"

"አንድ ዕቃ መሰላሉ አጠገብ ተጭኗል። ባለቤቱ ግን እስከ መጨረሻው ነው የሚሄደው።"

ሻንጣቸውን አዩት። ከዚያ መሬት መሬቱን።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ሁለት ሳምንት..."

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ወይስ ሕጉ ለእኔ ካልሲ ብቻ ነው?" ቬሎው ብቻ እስኪቀር ድረስ ማውጣቴን አላቆምኩም።

ባሌ አሁን ገባው። "አባዬ" አለ። ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።

አማቴ ቬሎው ብቻ የቀረበትን ቁም ሳጥን አዩት፤ ቆይተው ልጃቸውን አዩት። ያን ሁሉ ዓመት ከጣሪያ ላይ ሲጮኹት የኖሩትን ቃል፣ አሁን ቀስ ብለው ጠየቁት።

"ይገባል?"

"ይገባል፣ አባዬ" አለ ባሌ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሻንጣውን ወደ እግራቸው ሳቡት። ዚፑን እስከ መጨረሻው ሲከፍቱት ያኔ ገና አየሁ። ከሥር ጎትተው አንድ ከባድ የሱፍ ካፖርት አወጡ። ውጪ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ክረምቱ ገና የት አለና። ለሁለት ሳምንት ነው የመጣሁት ያሉን ሰው ካፖርታቸውን ይዘው ነበር የመጡት።

አራግፈው፣ አጣጥፈው፣ አቀበሉኝ።

"ይሄ እስከ ክረምት አይፈለግም" አሉ። "እሱን አስቀድሚ፣ ወደ ውስጥ።"