ፓርክ ቬንተን የተባለው ማሳ

ሥራዬ የሽንት ቤት ጉድጓድ መምጠጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝ አገር የኮርንዎልን መንደሮች ቆሻሻ በመኪናዬ ስጭን ኖሬያለሁ፤ ምንም አይመስለኝም። የሚያቅለሸልሸኝ የአጎቴ ልጅ ጌረንስ ነው።

ጌረንስ የቤት ስም ጥቁር ድንጋይ ላይ እየቀረጸ ይሸጣል። ሱቁ የገባ ጎብኚ ስብከቱን ሳይሰማ አይወጣም። «በጥንቱ የኮርንዎል ቋንቋ ትሬ ማለት የገበሬ መኖሪያ ነው፤ ፖል ኩሬ፣ ፔን ደግሞ ጫፍ። የኛ የናንካሮዎች ስም ራሱ የአጋዘን ሸለቆ ማለት ነው!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። በበዓል ቀን ባንዲራ ለብሶ እንባውን የሚያፈሰውም እሱ ነው። አስመሳይ!

ይህ ሰው ካቻምና ከአባቱ የወረሰውን ፓርክ ቬንተን የሚባል ማሳ ለቤት ሠሪ ሸጠ። የምንጭ ማሳ ማለት ነው። ምንጩ ከመሬቱ ሥር ወርዶ በቀጥታ አክስታችን ቲርዛ ቤት ቧንቧ ይገባል። አክስቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሌላ ውኃ አያውቁም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በፋሲካ ሰው የገባባቸውን የአዲሶቹን ስድስት ቤቶች ጉድጓድ እንድመጥጥ ተጠራሁ። ክዳኑን ሳነሳ የፍሳሹ ግማሽ የለም፤ ወደ መሬት ሰርጓል።

«ምንጭ ላይ ነው እንዴ የቆፈራችሁት?» አልኩት የቤት ሠሪውን ፎርማን።

«የምን ምንጭ? የማሳውን ስም ትርጉም የሸጠልንን ሰውዬ ጠይቀነው ነበር እኮ። ነፋሻ ሜዳ ማለት ነው አለን።»

ለጎብኚ ሁሉ ትርጉም የሚያድለው ሰው ይቺን አንዷን ዋሸ። እዚያው ምራቄን ተፋሁ።

መኪናዬን አስነስቼ አክስቴ ቤት ስደርስ ጌረንስ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። አክስቴ ሆዳቸውን ካመማቸው ወር አልፏቸዋል፤ ፊታቸው ገርጥቷል። ሻይና ሳፍሮን የሚባል ቅመም የገባበት ዳቦ አቅርበውለታል።

«አክስቴ፣ ከዚህ ውኃ እንዳይጠጡ!» አልኩ በሩ ላይ እንደቆምኩ።

«ምን ሆነ ደሞ፣ ክሌሞ?»

«የላይኞቹ ቤቶች ሽንት ቤት ምንጩ ውስጥ እየገባ ነው።»

ጌረንስ ብድግ አለ። «ወይ ጉድ! እኔ ምኑን አውቄ! ምንጩ ድሮ የደረቀ መስሎኝ እኮ ነው!»

አክስቴ እሱን አላዩትም። ያዩት ስኒውን ነው። ሻዩ ሙሉ ነው፤ ቀዝቅዞ በላዩ ስስ ሽፋን አበጅቷል። ዳቦውን ግን ጨርሶታል።

«ጌረንስ፣» አሉት ቀስ ብለው፣ «አንተ እዚህ ቤት ሦስት ስኒ ሳትጠጣ ተነስተህ አታውቅም ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን አንድ ጉንጭ አልቀመስክልኝም። ጠጥቼ ነው የመጣሁት ትለኛለህ።»

«ጨጓራዬን እያመመኝ ነው፣ አክስቴ...»

«እኔ ሳስመልስ ጀርባዬን እያሸህ አይዞዎት ስትለኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሻይ ልቅዳልዎት አልከኝ። ቀዳህልኝም።»

ጌረንስ እጁን ወደ ባርኔጣው ሰደደ።

«ደርቋል ካልክማ፣» አሉ ስኒውን ወደ እሱ እየገፉ፣ «ጠጣዋ፣ ልጄ።»

ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።