ከቀበሌው ማጉያ የተወሰደች ቫልቮላ

አቶ ወልደአማኑኤል የሞተ ልጃቸው ሲናገር የሰሙት በ1972 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ አመሻሽ ላይ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ ማጀት ገብተው የጾም ሽሮ ያማስላሉ። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሁለቱን ትልልቅ የጆሮ ማዳመጫዎች ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የትንሿን ትራንዚስተር ቁልፍ በቀስታ ያዞራሉ። ድንገት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የማዳመጫው ገመድ ተወጥሮ መልሶ አስቀመጣቸው።

"አሰግድ!" ብለው ጮኹ። "አንተ ልጅ! አሰግድ!"

ወይዘሮ አፀደ ማማሰያውን እንደያዙ ሮጠው መጡ። "ኧረ ዝም በል! ጎረቤት ይሰማል! ምን ሆንክ?"

አቶ ወልደአማኑኤል ጩኸታቸው አይታወቃቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት አሰላ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነው፤ ከሞተሩ ጎን ቆመው እህል ሲፈጩ ጆሯቸው ቀስ በቀስ ሄደ። አሁን ሰው አጠገባቸው ቆሞ ቢያወራ ከንፈሩን አይተው ነው የሚገምቱት። የሚሰሙት በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ገበያው አጠገብ ራዲዮ የሚጠግን ከዲሮ የሚባል ሰው፣ ከተጣለ የሸክላ ማጫወቻ ዕቃ ለቃቅሞ የሠራላቸው ሣጥን አለች። ሣጥኗ ላይ እንደ አምፖል የሚበሩ ሁለት ቫልቮላዎች ተሰክተዋል። የትራንዚስተሩን ድምፅ እነሱ ያጎሉትና በማዳመጫው በኩል ለሳቸው ጆሮ ብቻ ያደርሱታል።

"ልጄ ተናገረ" አሉ። "አሁን። እዚህ ውስጥ።"

ወይዘሮ አፀደ ማዳመጫውን ነጥቀው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። የሰልፍ ዘፈን ነው የሚሰማው፤ እሱም በጩኸት ተውጧል። አውልቀው የባላቸውን ግንባር በመዳፋቸው ዳሰሱ።

"ትኩሳት የለኝም!" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። "የተማረኩ ወታደሮችን ነው የሚያናግሩት። 'ስሜ አሰግድ ወልደአማኑኤል ነው፤ ያደግሁት አሰላ ነው፤ በሕይወት አለሁ' አለ። መሃሉ ላይ ተንጫጫና አመለጠኝ። መጨረሻ ላይ ግን 'አፅዬ እንዳታለቅስ ንገሯት' አለ።"

ማማሰያው ከወይዘሮ አፀደ እጅ ወደቀ። ባላቸው "አፀደ" ይሏቸዋል፤ ጎረቤቱ "የአሰግድ እናት" ይላቸዋል። አፅዬ ብሎ የሚጠራቸው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ማጀት ያለው ሽሮ ሲያርር ሸተታቸው፤ ማንም አልተነሳም።

አሰግድ የትራክተር ሹፌር ነበር። ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን በዘመተ በዓመቱ ከቀበሌ ሰው መጥቶ "ልጃችሁ ለእናት አገሩ ወድቋል" ብሎ አረዳቸው። አስከሬን አልመጣም። ድንኳን ተተከለ፤ ሚስቱ መሰረት ፀጉሯን ተላጨች፤ ተዝካሩ ወጣ። መሰረት በጤና ጣቢያው ጸሐፊ ናት፤ ልጅ አልወለደችም። ጥቁር ልብስ ለብሳ ስትመላለስ አንጀታቸው ያረረው አማቾቿ ራሳቸው ናቸው "ዕድሜሽ ገና ነው፤ አግቢ" ያሏት። እነሆ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ ፍሰሐ የሚባል አስተማሪ ሽማግሌ ልኮ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል።

"መሰረት!" አሉ ወይዘሮ አፀደ። "ባሏ ቆሞ እየሄደ ጥር ላይ ልንድራት ነው!"

አቶ ወልደአማኑኤል ከንፈራቸውን አነበቡና አንገታቸውን ደፉ። ለማን ይነገራል? የሰሙት መንግሥት ወንበዴ የሚላቸውን የሰሜን አማፂዎች ጣቢያ ነው። ያንን ጣቢያ ከፍቶ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከታች ካለው መንደር ለዚያ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው አለ። የሞተ ልጅ አባት መሆን ያስከብራል። የተማረከ ልጅ አባት ግን "እጁን ሰጠ" ይባልበታል።

በማግስቱ መሰረትን አስጠሯት። ከሥራ በቀጥታ መጣች። ወይዘሮ አፀደ በሩን ዘግተው፣ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገሯት። መሰረት ቆማ ነበር፤ ሰምታ ስትጨርስም እንደቆመች ቀረች።

"እኔን ምን እያደረጋችሁኝ ነው?" አለች። "ለቅሶ ተቀመጥኩ። ፀጉሬን ተላጨሁ። አግቢ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ! አሁን ደግሞ አለ ትሉኛላችሁ? አባባ እኮ ደጅ ላይ መኪና ሲጮህ አይሰሙም!"

"አፅዬ አለ እኮ፣ ልጄ።"

"እማዬ፣ በራሴ ጆሮ ካልሰማሁ አላምንም። አልችልም።"

አቶ ወልደአማኑኤል የምትለውን ገምተው መለሱ። "የፊታችን እሁድ በዚሁ ሰዓት ይደገማል ብለዋል። ነይና ስሚ።"

ነገር ግን እሁድ እስኪመጣ መታገስ አቃታቸው። በየምሽቱ ማዳመጫውን ደፍተው ጣቢያውን ሲያስሱ ያመሻሉ። አንድ ቀን ሣጥኗ ውስጥ የሆነ ነገር ጠስ አለ፤ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፤ ከሁለቱ ቫልቮላዎች የትንሿ ብርሃን ጠፋ። ከሷ ጋር ዓለም በሙሉ ዝም አለባቸው።

ቅዳሜ መሰረት ሣጥኗን በነጠላ ጠቅልላ፣ አቶ ወልደአማኑኤልን አስከትላ ወደ ከዲሮ ሱቅ ሄደች። ከዲሮ ሣጥኗን ገልብጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"ትልቋ ደህና ናት፣ አባባ። ይቺኛዋ አልቆላታል።"

"አዲስ ግዛልን" አለች መሰረት።

"ከየት? ቫልቮላ ወደዚህ አገር መግባት ካቆመ ቆየ። አዲስ አበባ ፈልጌ አላጣም፤ ግን የይለፍ ወረቀቱ፣ የመኪናው፣ የዕቃው... አይሆንላችሁም። ቆይ፣ ያለችውን እንሞክር።"

ከሞቱ ራዲዮኖች የነቀላቸውን በጨርቅ የተጠቀለሉ ቫልቮላዎች አወጣ። ከአንድ የዴራ ነጋዴ ራዲዮ የተነቀለችውን ሰካ። እስክትሞቅ ጠበቁና አቶ ወልደአማኑኤል ማዳመጫውን ደፉ።

"ንብ ቀፎ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ" አሉ።

ነቅሎ ሮቤ ከሚገኝ ሻይ ቤት የመጣችውን ሰካ። ይቺ ደግሞ ትንጣጣለች። ከዲሮ በእርሳስ ጫፍ ነካ ቢያደርጋት፣ አቶ ወልደአማኑኤል ጆሯቸው ውስጥ ደወል የተደወለ ያህል ደንግጠው ማዳመጫውን አወለቁ።

"ቁጥራቸው አንድ ነው" አለ ከዲሮ። "ግን እንደ ሰው ሁሉም ያረጁት ለየብቻ ነው። በዓይን አይታወቅም፤ ሰክቶ መስማት ብቻ ነው።"

"ነገ ያስፈልገናል" አለች መሰረት። "ነገ የግድ ያስፈልገናል።"

ከዲሮ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጥግ ሄደ። እዚያ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተቀምጧል። የማይክሮፎኑ ገመድ ተበጥሶ መጥቶ ነበር፤ ጠግኖታል። ነገ ለስብሰባ ይወስዱታል።

"ያ ረቢ" አለ በሹክሹክታ። "የዚያኛው ቫልቮላ ከዚህች ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሲገዛ ጀምሮ ብዙ አልሠራም።"

ከዲሮ ሄዶ በሩን ገርበብ አደረገ።

"ምን እንደምትሰሙ አልጠየቅኩም። እናንተም አትንገሩኝ። ቤቴ ልጆች አሉ።" የቀበሌውን ማጉያ ክዳን ፈታ። ደህናዋን ነቅሎ ለነሱ ሰጠ፤ የዴራዋን፣ ንቧን፣ በቦታዋ ሰካ። "ሊቀመንበሩ ትንሽ ይጮህበታል። ሰኞ ጠዋት መጥቼ እወስዳታለሁ። ሰኞ ካላገኘኋት ግን እኔ አልቄያለሁ።"

አቶ ወልደአማኑኤል በአዲሷ ቫልቮላ የአዲስ አበባን ጣቢያ ከፍተው ትንሽ አዳመጡ። ፊታቸው ተለወጠ። "ሰውየው ሲተነፍስ ይሰማኛል" አሉ። "ሲተነፍስ!"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ሰውን ሁሉ ሰበሰበ። ከየቤቱ አንድ ሰው መገኘት ግዴታ ስለሆነ ወይዘሮ አፀደ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። ስብሰባው እስኪመሽ ቆየ። የሊቀመንበሩ ንግግር ከማጉያው የንብ ጩኸት ጋር ቤት ድረስ ይሰማል። መሰረት በሩን ቀርቅራ፣ ማዳመጫውን ደፍታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማዳመጫው አንድ ብቻ ነው። አቶ ወልደአማኑኤል ለሷ ትተው ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ለሳቸው ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። የሚያዩት ፊቷን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቁልፉን ነካ አደረገች፤ ቆመች። ቅንድቧ ተሰበሰበ። ሌሎች ምርኮኞች እየተናገሩ መሆን አለበት።

ከዚያ ፊቷ ሲገረጣ አዩ። ሁለት እጆቿን ማዳመጫዎቹ ላይ ጫነች። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

"እሱ ነው?" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ወረደ፤ ስቃም ነበር። እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። "አላልኩም? አላልኩም?" እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ቀና ሲሉ ግን የመሰረት ሳቅ የለም። ፊቷ ላይ ያዩትን ነገር ለይተው አላወቁትም። ባሏ በሕይወት መኖሩን የሰማች ሴት ፊት አልነበረም።

ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች።

"ምን አለ? መሃል ላይ ምን አለ? እኔ ያመለጠኝን ሰማሽው?"

መሰረት ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። እንዲሰሙ መጮኽ አለባት፤ ብትጮኽ ደግሞ ስብሰባ ያልሄዱት ጎረቤቶች ይሰማሉ። ከንፈሯም እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ሊያነቡት አልቻሉም። ስለዚህ የአማቷን ሻካራ እጅ ያዘች። ዓይኖቿን ጨፈነች። ጣቶቻቸውን አንስታ ሁለቱ የዓይን ቆቦቿ ላይ አስቀመጠችና ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀች።

አቶ ወልደአማኑኤል ለጊዜው አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው።

"አያይም?" ብለው ጮኹ። "ልጄ አያይም?"

ውጭ ማጉያው በረጅሙ እም አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጩኸታቸውን ማንም አልሰማም።

ወይዘሮ አፀደ ሲመለሱ ሁለቱን ተቀምጠው አገኟቸው። መሰረት ጆሯቸው ሥር ሄዳ ነገረቻቸው። ፈንጂ ነው፤ ዓይኖቹን ወስዶበታል፤ አንድ ጓደኛው እየመራው ይኖራል። ወይዘሮ አፀደ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። አንድ ጊዜ በተለቀሰለት ልጅ ላይ ሌላ መርዶ ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበር።

ሰኞ በጠዋት ከዲሮ መጥቶ ቫልቮላዋን ወሰደ። ሊቀመንበሩ "ማጉያው ለምን እንደ ንብ ይጮሃል?" ብሎ ጠይቆት "መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው" እንዳለው፣ ላቡን እየጠረገ ነገራቸው።

በዚያው ሳምንት መሰረት ፍሰሐን አስጠርታ ቀለበቱን መለሰችለት።

"ምን አጠፋሁ?" አላት።

"ምንም አላጠፋህም።"

"ሌላ ሰው አለ?"

"አለ።"

"ማነው?"

"ልነግርህ አልችልም፣ ፍሰሐ። ብነግርህ ለአንተም አይበጅም።"

ፍሰሐ ቀለበቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ሰፈሩ ስለ መሰረት ያላወራው አልነበረም፤ ባለትዳር ሰው ይዛለች ተባለ። እውነት መሆኑን ግን ማንም አላወቀም፤ ባለትዳሩ የራሷ ባል ነበር። ወይዘሮ አፀደም ጥቁራቸውን አላወለቁም። ሰው ለቅሶ ላይ የልጃቸውን ስም እያነሳ ሲያስለቅሳቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው "ይማረው" ይላሉ። ቤት ሲገቡ ግን በሕይወት ያለውን ልጃቸውን "ይማረው" ስላሉ ማርያምን ይቅርታ ይለምናሉ።

ድምፁ ከዚያ ወዲያ አልተሰማም። አቶ ወልደአማኑኤል በምትጮኸውም በምትንጣጣውም ቫልቮላ እስኪያርፉ ድረስ ፈለጉት። ያረፉት በ1978 ነው።

ደርግ በወደቀ ጊዜ፣ በ1983 ክረምት፣ ወታደሮች በየመኪናው መመለስ ጀመሩ። መሰረት ከሥራ ስትወጣ በመናኸሪያው በኩል ታልፋለች። አንድ ቀን ከናዝሬት የመጣ አውቶቡስ በዝናብ ውስጥ ቆመ። መጨረሻ ላይ የወረደው ሰው በፊቱ ያለውን ጓደኛውን ትከሻ ይዟል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከስቷል።

መሰረት እፊቱ ደርሳ ቆመች።

እሱ ሰው እንደቆመ ታወቀው። "ማነው?" አለ።

"መሰረት ነኝ።"

ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል።

"እናቴ አለች?"

"አለች። አባባ አረፉ።"

"ሞቷል ተብላችሁ ተረድታችሁ ይሆናል ብዬ ነበር" አለ። "አግብተሻል ብዬም ነበር።"

"በራዲዮ ሰማንህ" አለችው። "አባባ ሰሙህ። እኔም ሰማሁህ።"

"ሰማችሁኝ?" አለ አሰግድ። "ያን ዕለት የተናገርኩትን?"

"አዎ።"

"ማንም አይሰማም ብለን እኮ ነው የተናገርነው። ከመካከላችን አንድም ሰው ይሰሙናል ብሎ አላመነም።"

የጓደኛውን ትከሻ ለቀቀ። በእጁ መሬቱን ፈልጎ፣ መናኸሪያው መሃል፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። መሰረትም ቀሚሷን ሳትሰበስብ አጠገቡ ተቀመጠች። ተሳፋሪው ሻንጣውን እንደተሸከመ ዞሯቸው ያልፍ ነበር።