የአቶ አይሆንም አሸዋ

አባቴ ወደ እኔ ቤት የመጣው ጉልበቱ እስኪሻለው ብቻ ነበር። የተባለው እንደዚያ ነው። ሻንጣውን በሩ አጠገብ አቆመው፤ እዚያው ቀረ። ሸሚዝ ሲፈልግ ከፍቶ ያወጣል፣ መልሶ ይዘጋል፣ በላዩ የታሰረውን ቀበቶ ያጠብቃል። ከቁም ሳጥኔ ግማሹን ባዶ አድርጌለት ነበር። አልነገርኩትም፤ ከፍቶ ያየዋል ብዬ ነው። አልከፈተውም።

ወንድሜ ግቢ ያለው ሰፊ ቤት አለው። ለአባቴ የሚሆን ክፍል ቀለም እያስቀባ ነበር፤ ሲያልቅ በመኪና መጥቶ እንደሚወስደው ሁላችንም እናውቃለን። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ በደወለች ቁጥር ይህንኑ ታነሳለች። እኔ ቤት ያለው ወንበርና መስኮት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽማግሌ ምን ይሠራል ትላለች። "አንቺ እንደሆንሽ ቀን ሥራ፣ ማታ ዝም" አለችኝ አንዴ። እውነቷን ነው። እኔ እንዲቆይ እፈልግ ነበር። በእኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይባልም፤ በእኔ አፍ ደግሞ ጭራሽ።

ስለዚህ አኳሪየም ገዛሁ፤ የመስታወት የዓሣ ገንዳ።

ለራሴ ነው አልኩት፤ ከሥራ ስመለስ ዓይኔን እንዳሳርፍበት። አባቴ መስታወቱን በጣቱ አንኳኳ፣ ማዕዘኖቹን ዳሰሰ፣ ማጣበቂያው ደህና ነው አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በግንባታ ላቦራቶሪ ነው። ወደ ሳይት የሚመጣውን አሸዋ ይመረምራል፤ ጭቃ የበዛበትን፣ የላመውን፣ የሚያሟልጨውን ከነገልባጩ ይመልሳል። ሾፌሮቹ "አቶ አይሆንም" ይሉት ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት አይመስለኝም።

ዓሦቹን ለመምረጥ አብረን ሄድን። ሻጩን ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴን ይለዋል፤ ከራሱ ላይ በማትወርድ የመርከበኛ ቆብ የተነሳ። ሱቁ ጠባብና ሞቃት ነው፤ ግድግዳው በሙሉ መስታወትና ውሃ። አባቴ ገና ከመግባቱ ዓይኑ አንድ ደማቅ ሰማያዊ ዓሣ ላይ አረፈ። ካፒቴን ራሱን ነቀነቀ። ሲክሊድ የሚባሉት እነዚህ የአፍሪካ ሐይቅ ዓሦች መልክና ጠባያቸው አይገናኝም፣ ለትንሽ ገንዳ ደግሞ ደፍሮ አይሸጣቸውም።

"አባባ፣ ይሄ ሲያድግ ቤቱን ለብቻው ነው የሚፈልገው" አለ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ወንድምሽን አይመስልም?"

ሳላስበው ሳቅሁ።

ካፒቴን ወደ ጥግ ወሰደን። እዚያ ያሉት ከጣት የማይበልጡ፣ ደብዘዝ ያሉ፣ ሸንተረር ያላቸው ዓሦች ናቸው። የሚኖሩት በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቅርፊት አለው፤ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ቅርፊቱን ግማሽ ድረስ ይቀብራል፣ ደጁን ያበጃል፣ ሰው ሲመጣ ይገባል። ዓይን አፋር ናቸው፣ በቤታቸው ከመጣህባቸው ግን ቀልድ አያውቁም አለ ካፒቴን። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ጉልበቱ እያመመው እንደሆነ ከጀርባው አወቅሁ፤ ሆኖም ቀና አላለም።

"እነዚህ ናቸው" አለ በመጨረሻ።

የቀረው ከሥር የሚነጠፈው አሸዋ ነበር። ካፒቴን ከከረጢት ደቃቅ፣ ነጣ ያለ አሸዋ ጨልፎ ሰጠው። አባቴ መዳፉ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ አሸው፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ። ጥሩ አሸዋ ሲታሽ ድምፅ አለው፤ ልጅ ሳለሁ አስተምሮኛል። የካፒቴን አሸዋ ምንም አላለም።

"አይሆንም" አለ አባቴ።

ካፒቴን ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ዓሦቹን አስቀምጥልን ብለነው ወጣን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የአሸዋ ሳምንት ነበር። አባቴ ጠዋት ይወጣል፣ በአካባቢው ያሉትን ሕንፃ የሚሠራባቸውን ቦታዎች እየዞረ ያያል፣ በጆንያ አስጭኖ ይመለሳል። ሻንጣውን ከፍቶ የናስ ወንፊቶቹን አወጣ። ለምን እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ፤ ከጥቂት ሸሚዞች በቀር ያለው ወንፊት ነበር። በመታጠቢያ ቤቴ ይነፋል፣ ያጥባል። መስኮቱ ላይ አሸዋና ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች ደርድሮ ደለሉ እስኪረጋ ይጠብቃል። ስለ ጉልበቱ ትንፍሽ አላለም። ካልሲዬ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ፣ ሳህን ውስጥ አሸዋ አገኝ ነበር። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ግን ሻንጣው ከበሩ አልራቀም።

አባቴ የመረጠውን አሸዋ ከሥር አነጠፍን፤ ውሃው ለዓሣ ሲስማማ ዓሦቹን አስገባናቸው። በየቅርፊታቸው ገቡና ተቀመጡ። አልቆፈሩም። ከሁሉም ደፋር የሆነችው፣ አባቴ "ፎርማኗ" ያላት፣ አንድ ጉርሻ አሸዋ አነሳች፣ ተፋችው፣ ደግማ ሞከረች፣ ተወችው። አዲስ ቤት ነው፣ ይለምዱታል አለ አባቴ። በማግስቱ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ቀይ ነገር አየሁ።

በምሳ ሰዓት አንድ እፍኝ አሸዋ በወረቀት ጠቅልዬ ካፒቴን ጋ ሄድኩ። በጣቱ ነካ አደረገና ወዲያው መለሰልኝ።

"እህቴ፣ ይሄ ለሰው ቤት ነው እንጂ ለዓሣ ቤት አይደለም። አፋቸውን እየቆረጠ ነው።"

በዚያው ቀን ወንድሜ ደወለ። ቀለሙ ደርቋል፣ ቅዳሜ ይመጣል።

ያን ቀን ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም። አሸዋው እኔ ቤት ያለው ብቸኛ ሥራው ነው። ስህተት ነው ካልኩት ወንፊቶቹን ጠቅልሎ ቀበቶውን ያጠብቃል፣ ቅዳሜን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዝም ካልኩ ደግሞ ፎርማኗ ትሞታለች፤ እሱም ቆሞ ያያታል።

ጠዋት ሻይ እየጠጣ ሳለ ነገርኩት።

"አባዬ፣ አሸዋው ስለታም ነው።"

"ስለታም መሆን አለበት እንጂ። ሲሚንቶ አጥብቆ የሚይዘው እሱን ነው።"

"እዚህ ሲሚንቶ የለም።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ ወለሉን አየሁ። ካፒቴን ነው ያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። እሱም ብሏል፣ እኔ ግን የፎርማኗን አፍ አይቻለሁ አልኩት። ተነስቶ አጉሊ መነጽሩን አመጣና ፎርማኗ ከቅርፊቷ እስክትወጣ ጠበቀ። ብዙ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ የምርመራ ውጤት እንደሚያነብ ሰው፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ "የሚፈልጉት እኔ ስመልሰው የኖርኩትን ነው" አለ። "ክብ፣ ልሙጥ፣ የማይያያዝ። ስንቱን ገልባጭ መለስኩት።"

ካፒቴን ጋ አብረን ተመለስን። አባቴ ያንን ነጣ ያለ አሸዋ እንዲሰጠው ጠየቀ።

ካፒቴን አንድ እፍኝ አንስቶ በአውራ ጣቱ አሸ፣ ወደ ጆሮው አስጠጋ፣ ፊቱን ኮስተር አደረገ።

"አይሆንም" አለ።

አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ዓሦቹን በባልዲ አቆይተን የድሮውን አሸዋ አወጣን፣ አዲሱን አነጠፍን። ቅዳሜ ጠዋት ፎርማኗ ሥራ ጀምራ ነበር። አፏን ሞልታ ታነሳለች፣ ከኋላዋ ትደፋለች፣ ትመለሳለች። ከቅርፊቷ ዙሪያ ትንሽ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ዳር ትንሽ ክምር ታየ። አባቴ ፊቷ ጎንበስ ብሎ ቆሞ አንዱን እግር በሌላው ይቀያይር ነበር፤ ገንዳው ዝቅ ያለ ነው፣ ወንበሮቼ ይረዝሙበታል።

ወንድሜ ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ። ገንዳውን በዓይኑ ገረፍ አደረገና፣ "ዕቃው ይሄ ብቻ ነው?" ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

"አስቀምጠው" አልኩ።

"ምን?"

"ሻንጣውን። አባዬ እዚህ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።"

ወንድሜ ግድግዳ እንደተናገረ አድርጎ አየኝ። ከዚያ የሚለውን አለ፤ ክፍሉ ተቀብቷል፣ የፎቁ ደረጃ ለጉልበት አይሆንም፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ የለሽም። ሁሉም እውነት ነበር። እኔ ግን ያለኝን ተናግሬ ጨርሻለሁ።

አባቴ ከመስታወቱ ሳይዞር በወንድሜ ግቢ ሊሠራ የታሰበው ደረጃ አልቆ እንደሆነ ጠየቀው። ገና ነው፣ አሸዋ አልመጣም አለ ወንድሜ።

"መታጠቢያ ቤት ጆንያዎች አሉ። ተነፍቷል፣ ታጥቧል። እነሱን አውርድ።"

"አንተስ?"

"ሰማሃት አይደል?"

ወንድሜ ሻንጣውን አስቀመጠ። ሰው ልወስድ መጥቼ አሸዋ ጭኜ ልመለስ ነው እያለ፣ ጆንያዎቹን እየተመላለሰ አወረዳቸው። አባቴ እንዲህ ያለ አሸዋ በዚህ ከተማ እንደማያገኝ ከኋላው ነገረው። የመኪናው ድምፅ ሲርቅ አክስቴ ደወለች፤ ዜናው ደርሷታል። በኋላ እደውልልሻለሁ አልኳት።

ከስልኩ ስመለስ አባቴ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ገንዳው ወስዶታል። በአግድሙ አስተኝቶ ተቀመጠበት። ቁመቱ ልክ ነበር።

"ነይ እይ" አለኝ። "ደጇን ቀየረች።"