በቃኝ ያለው ፀጉር አስተካካይ

የማህበራዊ ድጋፍ ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። መስኮት ቁጥር አራት ላይ ከተቀመጥኩ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት የሚለምነኝን፣ የሚቆጣኝን፣ የሚያለቅስብኝን፣ አንዴም ጠረጴዛዬን በጃንጥላ የደበደበውን ሰው አይቻለሁ። «እባክሽ ድጋፉን አቁሚልኝ» ያለኝ ግን ያ ፀጉር አስተካካይ የመጀመሪያው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ወረፋው በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደርሷል። ተራው ደርሶ ፊቴ የቆመው ሰው ሃምሳን የተሻገረ፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ነው። ፋይሉን ስከፍት ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ሕመም እጁን እያንቀጠቀጠ ከሥራ ሲያስወጣው፣ ማመልከቻውን የሞላሁለት እኔ ነበርኩ። የያኔው ፊርማው ዶሮ የጫረው ይመስላል።

«ምን ጎደለ ወንድሜ?» አልኩት፤ አፌ የለመደው እሱን ነውና።

«ኧረ ምንም አልጎደለም እህቴ።» ቀኝ እጁን በመስታወቱ ቀዳዳ አስገብቶ ዘረጋልኝ። እንደ እንጨት ቀጥ ብሏል። «ድኛለሁ። ትናንት ሥራ ጀመርኩ። እንግዲህ በቃኝ፣ አቁሙልኝ ልል ነው የመጣሁት።»

ከኋላው የተሰለፈችው ሴት ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ምን አለ?»

«አቁሙልኝ አለ።»

«ውይ! ደህና አይደለም እንዴ?»

እኔ ደስ ብሎኝ የማቋረጫውን ቅጽ ሳብኩ። ምክንያት በሚለው ሥር ሦስት መስመር አለ፤ በሞት፣ አካባቢ በመልቀቅ፣ በማጭበርበር። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። ስንት ዓመት በእጄ ሲመላለስ አራተኛ ምክንያት እንደሌለው ልብ ብዬ አላውቅም!

ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። ማህተሙን ለምሳ ሲወጣ እንኳ ኪሱ ከትቶ ስለሚሄድ እኛ «ጋሽ ማህተም» እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ያስደነግጠዋል እንጂ።

«ማጭበርበር የሚለው ላይ ምልክት አድርጊና ‹በራሱ ፈቃድ ያመነ› ብለሽ ጻፊበት» አለኝ።

«ምን አጭበረበረና ጋሼ? ትናንት ጀምሮ ዛሬ ነው የመጣው።»

«እንግዲያው አካባቢውን ለቋል በይ።»

«የሚሠራው እኮ እዚሁ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው።»

«መቼም ሞቷል አልል!» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ግን ጭንቅላቱን ያዘ።

ተመልሼ ለፀጉር አስተካካዩ ነገርኩት። «እህቴ፣ ከፈለጋችሁ ግደሉኝ እንጂ ማጭበርበር በሚል ወረቀት ላይ ስሜ አይጻፍም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለዋናው መሥሪያ ቤት በእጄ ደብዳቤ ልጽፍለት ቃል ገባሁና ሸኘሁት።

በማግስቱ ሚስቱ መጣች። ወረፋ አልጠበቀችም፤ ፊቷን ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

«የባሌን ነገር የያዝሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«በይ ደብዳቤውን እንዳትልኪው። እሱ እጁ ቀጥ ስላለ ዓለም ሁሉ የቀናለት ይመስለዋል። ነገ ቢመለስበትስ? መጀመሪያ ስናመለክት ዓመት ከሁለት ወር ነው ያስጠበቃችሁን። ያን ጊዜ ምን እንደበላን የምናውቀው እኔና አንድዬ ነን።»

ሻይ ስንጠጣ ባልደረቦቼ «ሰው ድጋፍ ከለመደ ሥራ ይጠላል» ሲሉ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ነው የኖርኩት። ለካ ሰው የሚፈራው ሥራውን ሳይሆን ከድጋፉ ከወጣ በኋላ የሚዘጋበትን በር ነው! የጻፍኩትን እዚያው ፊቷ ቀደድኩና በሌላ ወረቀት እንደገና ጀመርኩ፤ ሰውየው ድኗልና ድጋፉ ይቁም፤ ሕመሙ ከተመለሰበት ግን አዲስ ማመልከቻ ሳይጠየቅ በዚያው ፋይሉ ይመለስ። አነበብኩላት። «ይሄ ይሻላል» አለች፤ ግን አልሳቀችልኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት መልስ በመላክ ፈንታ ተቆጣጣሪ ላከ። ቀጭን፣ ጢሙ ሦስት ቀን ያደረ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ያቀፈ ሰው ነው። «አቁሙልኝ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ከጀርባው አንድ ነገር አለ» አለኝ። ይዤው ሄድኩ።

ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወትና መስኮት ላይ የተሰጡ ፎጣዎች ያሉበት ጠባብ ክፍል ነው። ሚስትየው በሩ አጠገብ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች።

«የሐኪም ማስረጃ አለዎት?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ሐኪሙ የቀጠረኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

«ታዲያ እስከዚያ መዳንዎን በምን አውቃለሁ?»

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አደረገና «ይቀመጡ» አለው።

ተቆጣጣሪው ጢሙን ዳሰሰ። ምላጩን አየ። እኔን አየኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። በመጨረሻ ቦርሳውን እንዳቀፈ ተቀመጠ።

«አደራ እንዳይናገሩ» አለች ሚስትየው። «ሲናገሩ ጉሮሮ ይንቀሳቀሳል።»

ፊቱ በአረፋ ተሸፈነ፤ ምላጩ ጉሮሮው ላይ አረፈ። እኔም የሚያዳምጠኝ አለቃ አጥቼ ስኖር፣ ሊያቋርጠኝ የማይችል አንድ አገኘሁ።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «ቅጾቻችን ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብለው ነው የሚጀምሩት። መግቢያችን በመርፌ ቀዳዳ ነው፤ መውጫ ግን ጭራሽ አላበጀንም። ለሞተ ቦታ አለን፣ ለሌባ ቦታ አለን፣ ለዳነ ቦታ የለንም። የተሻለው ሰው እየፈራ ይቀመጥና እኛ ሰነፍ እንለዋለን። እኔም አለሁበት፤ ይህ ሰው እስኪመጣ ድረስ አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩም።»

ተቆጣጣሪው በዓይኑ ብቻ «እህ» አለ። ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሲያበቃ ተነስቶ መስታወቱ ፊት ቆመ፤ ግራውንም ቀኙንም ዳበሰ። አንድ ጭረት የለም። «ስንት ነው?» አለ።

«እስከ ዛሬ እናንተ ችላችሁኛል፤ ይቺን እኔ ልቻላት።»

«አይሆንም፣ ተቆጣጣሪ ነኝ!» ብሎ ደንግጦ ከፈለ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደኔ ዞሮ «ያልሽውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አሁን ግማሹ አረፋ ውስጥ ነው የገባው» አለኝ።

ጻፍኩ። ነገሩ አምስት ወር ፈጀ፤ መጣ ግን። አዲሱ ቅጽ ላይ «ራሱን በመቻል» የሚል አራተኛ መስመር ተጨምሯል፤ ከሥሩም «ችግር ከገጠመው በነበረው ፋይል ይመለሳል» ይላል። ሚስትየው ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ባልዋ ፈረመ፣ ጥርት ባለ ፊርማ።

በዚያ ወር አስራ አንድ ሰዎች በዚያ መስመር ወጡ። ከነሱ አንዱ፣ ሾፌር የነበሩ አባት፣ ቀጣሪያቸው ድርጅቱን ዘግቶባቸው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ፋይላቸውን ከመደርደሪያ አወጣሁ፣ አስፈረምኳቸው፣ በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ። እሳቸው ግን ከመስኮቱ አልነቃነቅ አሉ።

«አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ አባባ።»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?»

«ወደ ቤትዎ ይሂዱ!»

ሰዓታቸውን አዩ። «ለባለቤቴ እኮ ማታ ነው የምመጣው ብያት ነበር» አሉና እየሳቁ ወጡ።