ባለ አንድ ዓይኗ ቀስተኛ

ናዝራዊት የወረቀት ሰው ስትሠራ ምላሷ ከአፏ ይወጣል። መጀመሪያ የፊቱን ትስላለች፣ ቀጥላ የጀርባውን፣ ከዚያ ወረቀቱን መሐል ለመሐል አጥፋ በኮላ ታጣብቀዋለች። ኮላው ሳይደርቅ መቀስ ካነሳች ጀግናው አንገቱ ተጣሞ ይቀራል፤ ስለዚህ መጠበቅ ሞቷ የሆነባት ልጅ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ቆርጣ ስትጨርስ ነጩ ጠርዝ እንዳያሳጣት ዙሪያውን በጥቁር ማርከር ታጠቁረዋለች፣ በመጨረሻም የለስላሳ ቆርኪ ላይ ታቆመዋለች። ቁመቱ ከአውራ ጣቷ አይበልጥም፣ ኩራቷ ግን ጣሪያ ይነካል።

ቆርኪው የሚመጣው ከአክስቷ ከእትዬ አምሳለ ምግብ ቤት ነው። ጨዋታውም እዚያው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው፤ ቅዳሜ የምሳ ሰው ወጥቶ የራት ሰው ሳይገባ፣ ኩሽናው በር አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ።

"እነዚህን አሻንጉሊቶች አንሺልኝ" ትላለች እትዬ አምሳለ።

"አሻንጉሊት አይደሉም፣ እትዬ። ሠራዊት ናቸው።"

"እሺ፣ ሠራዊትሽ ከናፕኪኔ ላይ ይውረድልኝ።"

ጨዋታው ከባድ አይደለም። ናዝራዊት ታሪኩን ትመራለች፤ ጓደኞቿ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገቡበታል። የሚያደርጉትን በአፋቸው ይናገራሉ፣ ይሳካ አይሳካ የሚወረወረው ባለ ቁጥር ዳይስ ይፈርዳል። ይስሐቅ ባለ ጋሻ ወታደር ነው። ፍናን ደግሞ ሐኪም ናት፤ በእውነተኛው ዓለም ደም ስታይ የምትወድቀው ፍናን።

የጠረጴዛው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ናዝራዊት ከቤተ ክርስቲያን ስዕል ነው ያመጣችው። እዚያ ደጉ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ቀጥ ብሎ ያያል፤ ክፉው ሁሉ ወደ ጎን ስለሚዞር የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ሦስቱም እዚያው ስዕል ሥር እየዳሁ ያደጉ ስለሆኑ ማንም ማንንም አላስረዳም። ባለ አንድ ዓይን ሲመጣ ሰይፍ ይመዘዛል፣ ባለ ሁለት ዓይን ሲመጣ ሰላም ይባላል፣ አለቀ።

ከዚያ ሳብሪያ መጣች። እናቷ ከመንገዱ ማዶ የልብስ ሱቅ ከፍታ ነበር፤ ሳብሪያም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚኖሩበት ከሃውቶርን አብራት እየመጣች ታግዛታለች። በምግብ ቤቱ መስታወት አጮልቃ ማየት ስታበዛ ናዝራዊት ወጥታ እጇን ይዛ አስገባቻት።

"ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?"

"ቀስተኛ። ከነሂጃቧ። ሂጃቧ ደግሞ አረንጓዴ፣ ጫካ ውስጥ እንዳልታይ።"

ናዝራዊት ወዲያው ወደደቻት።

ሳምንቱን ሙሉ ከቀስተኛዋ ጋር ታገለች። ቀስት የሚስብ ሰው ከፊት ለፊት ሲሳል ፍላጻው ጉቶ ይመስላል፣ ክንዱም የዶሮ ክንፍ። ሳለች፣ ቀደደች፣ እንደገና ሳለች፣ መጨረሻ ላይ ተናዳ ወደ ጎን አዞረቻት። ወዲያው ክሩ ተለጠጠ፣ ክርኗ ወደ ኋላ ሄደ፣ የሂጃቡ ጫፍ በነፋስ ተነሳ። በሕይወቷ እንዲህ ያማረ ሰው ሠርታ አታውቅም። ዓይኗ ስንት እንደሆነ ጭራሽ አላሰበችም።

ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ስታቆማት ሳብሪያ በደስታ ልትበር ደረሰች። "ወላሂ እኔን ነው የምትመስለው!"

ይስሐቅ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ፍናንን አየ።

"አሃ" አለ። "አየሽ?"

"አየሁ" አለች ፍናን።

"ምኑን?" አለች ሳብሪያ።

"ምንም" አለና ወታደሩን ከነጋሻው ወደ እሷ አዞረው።

ናዝራዊት ያኔ ነው የነቃችው። "ለቀስቱ ስል ነው" ልትል አፏን ከፈተች። ግን ሁልጊዜ ስልኩን እየጎረጎረ የሚጫወተው ይስሐቅ ስልኩን ኪሱ ከቶታል። ፍናን ወንበሯን ስባ ተጠግታለች። ጠረጴዛው እንደዚህ ሞቆ አያውቅም። ትንሽ ይቆይ ብላ አፏን ዘጋች።

በታሪኩ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ወታደሩና ሐኪሟ ዋሻ ገቡና ቀስተኛዋን ውጪ አቆሟት። ስትቆስል ሐኪሟ "ፋሻ አልቋል" አለች፤ ፋሻ ግን ሞልቷል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ይስሐቅ "እጇን አስራታለሁ" አለ።

"እንዴ! እኔ ምን አደረግኩ?"

"እስካሁን ምንም።"

ሳብሪያ መጀመሪያ ስቃ ነበር። ከዚያ ሳቋ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ምንም ያልሆነውን ሂጃቧን ነካካች፣ አስተካከለች፣ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

"ኦኬ። ገባኝ" አለች። "እናቴ ትፈልገኛለች።" ቀስተኛዋን እዚያው ትታ ወጣች።

"ምኑ ነው የገባት?" አለች ናዝራዊት።

"ጨዋታ እኮ ነው" አለ ይስሐቅ። "ሕጉን አታውቅም እንዴ?"

"ማን ነገራት?"

ማንም አልነገራትም። ይህን ሕግ የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ ያሰበ ከሦስቱ አንድም አልነበረም።

ናዝራዊት ያን ሳምንት እንቅልፏም ምግቧም ቅጡን አጣ። ሄጄ ላስረዳት ትልና ንግግሩን በልቧ ስትለማመደው፣ "በኛ ስዕል ክፉ ሰው እንደዚህ ነው የሚሳለው" የሚለው ላይ ስትደርስ አቋርጣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች። ደግሞ ሌላ ጥያቄ እንደ እሾህ ይወጋታል። ቀስተኛዋ ፍናን ብትሆን ኖሮስ? ያኔ ዓይኗ ትዝ ይላት ነበር። ክንዱ ዶሮም መሰለ ዝሆን ከፊት ለፊት ትስላት ነበር። ለአዲሷ ልጅ ግን ትዝ አላላትም። መልሱን ስታገኘው አልወደደችውም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሱቁ ደወለች፤ ሳብሪያ ያን ቀንም እናቷን ልታግዝ መጥታ እዚያው እንዳለች ሰማች። ባለ ሁለት ዓይን አዲስ ቀስተኛ ሠርታ ነበር፤ ሁለቱንም ይዛ ፌርፋክስን ተሻገረች። ሳብሪያ ቀሚስ እያጣጠፈች ነበር። ናዝራዊት ሳትቀመጥ ሁሉንም ዘረገፈችው፦ ሕጉን፣ ስዕሉን፣ ቀስቱን።

ሳብሪያ አዲሷን ቀስተኛ ወደ መብራት አስጠግታ አየች። "ይሄ ክንዷ ነው?"

"ክንዷ ነው።"

"የተጠበሰ ዶሮ ነው የሚመስለው።" ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። "እኔ በሂጃቤ ምክንያት መስሎኝ ነበር።"

"አይደለም! ለቀስቱ ነው!"

"ኦኬ፣ ስትስይው ለቀስቱ ነው። ሲያስሩኝስ?"

ለሁሉም ነገር መልስ ያላት ናዝራዊት ወለሉን አየች። "ያኔ... ጨዋታው ደስ ብሎኝ ነው።"

"በእኔ።"

"በአንቺ። ይቅርታ፣ ሳብሪያ።"

ሳብሪያ ዶሮዋን መለሰችላትና ባለ አንድ ዓይኗን ወሰደች። "እኔ የምፈልገው ይቺን ነው። ቀስተኛ ናት፣ ወዴት ትዙር?"

"ግን ሕጉ እኮ..."

"የማነው ሕጉ?"

"የቤተ ክርስቲያን ስዕል ነው። የጥንት ነው።"

"የቤተ ክርስቲያናችሁን ማን ነካ? የጠረጴዛውን ነው የጠየቅኩሽ።"

"የጠረጴዛውማ... የእኔ ነው።"

"በይ እንግዲህ" አለች ሳብሪያ፣ ደንበኛ ገብቶ ስለነበር ወደዚያ ሄደች። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም።

ቅዳሜ ወንበሯ ባዶ ነበር። ናዝራዊት ዓይኗ በሩ ላይ እንደተተከለ ጨዋታውን ጀመረች። ከድልድዩ ማዶ አንድ ወፍራም ጭራቅ አቆመች፤ ሁለት የጥጃ ዓይን ያለው፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር የተሳለለት።

"ወዳጅ!" አለ ይስሐቅ። "ጋሻዬን ጥዬ አቅፈዋለሁ።"

"ዋጠህ። እስከ ወገብህ።"

"ምን? ሁለት ዓይን አለው እኮ!"

"አለው። ሲውጥህም በሁለቱም እያየህ ነው።"

"ይሄ ማጭበርበር ነው! ሕጉ ከተቀየረ አትነግሪንም?"

"ለሳብሪያ ማን ነገራት?"

በዚህ መሐል የምግብ ቤቱ በር ተከፈተና ሳብሪያ ገባች፤ ቀስተኛዋ እጇ ላይ ናት። ጠረጴዛው ጋ መጥታ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

"ሳብሪያ፣ ድረሺልኝ! ውጊው!" አለ ይስሐቅ።

"እጄን አስረኸኛል።"

"እኔ እፈታታለሁ!" አለች ፍናን።

"ቆይ" አለች ሳብሪያ። "መጀመሪያ ይጠይቀኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ከማን ጋር እንደሆንኩ።"

ይስሐቅ ጭራቁን አየ፣ ናዝራዊትን አየ፣ ከዚያ የሳብሪያን ፊት ቀና ብሎ አየ። "ከማን ጋር ነሽ?" አለ ቀስ ብሎ።

ሳብሪያ ቀስተኛዋን ድልድዩ ላይ አቆመችና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

"እያሰብኩበት ነው" አለች። "ዳይሱን አቀብለኝ።"