ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው ያየው ኮከብ

ሚዛን ከተማ ውስጥ ሐምሌ ላይ ሰማይ የለም። ይህን የምለው አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ሆኜ ነው። ደመናው ጣሪያችን ላይ ይተኛል፤ ያጠብነው ልብስ በሦስተኛው ቀን እንኳ አይደርቅም፤ ጨረቃ መኖሯንም የምናውቀው ከግድግዳ ላይ ካሌንደር ነው። ስለዚህ ከላይ የመጣው ደብዳቤ «ሐምሌ 12 ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አልታይር የተባለውን ደማቅና ቅርብ ኮከብ ለኅብረተሰቡ የማሳየት መርሐ ግብር ይከናወናል» ሲል፣ የሌላ አገር ደብዳቤ ተሳስቶ የደረሰን መሰለኝ። ማኅተሙን ባየው የራሳችን ነው።

ኮከቡ ምንም አላጠፋም። እኔ አልታይርን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስሙን ሳላውቅ ማለቴ ነው። አባቴ ኢሳይያስ ሸኮ ላይ ቡና ገበሬ ነው። ኅዳር ላይ የተለቀመው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ አመሻሹ ላይ ሸራ ልናለብሰው አብረን እንወጣ ነበር። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል። ከአናታችን ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ አንድ ነጭ ኮከብ ከሌሎቹ ቀድሞ ይታያል። አባቴ እሱን አይቶ «ዛሬ አይዘንብም» ካለ አይዘንብም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኮከቡን ስም ሳገኝ የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ብርሃኑ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ለኮከብ ይህ ጎረቤት ማለት ነው። ሰፈራችን ጫፍ ላይ የውሃ ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ በተቀመጠ ዕለት ከአልታይር የተነሣው ብርሃን ዘንድሮ ደርሷል፤ ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው። ደግሞ ኮከቡ በጣም ፈጥኖ ስለሚሽከረከር ወገቡ ላይ ሰፍቷል። የሳይንስ ሳምንት አስተባባሪያችን አቶ ዓለምሰገድ ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ ነው የሰፉት።

ቴሌስኮፑን ያመጡልን እሳቸው ናቸው፤ ይህን አልክድም። ግንቦት ላይ በእንጨት ሳጥን ታሽጎ መጣ። ሳጥኑን ማንንም ሳላስጠጋ በደስታ ራሴ ከፈትኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሳተርንን ቀለበት በጠመኔ ስስል ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼ ቀለበቱን እንደ ባርኔጣ ጠርዝ አድርገው ፈተና ላይ ይሥሉልኛል፣ እኔም ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፤ እኔስ የት አየሁትና? አሁን ግን ኅዳር ይምጣ እንጂ ሁሉንም አሰልፌ አሳያቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው የደብዳቤውን የመጨረሻ መስመር ያነበብኩት፦ መርሐ ግብሩን ያላከናወነ ትምህርት ቤት መሣሪያውን ይመልሳል።

ወደ ርእሰ መምህራችን ወደ አቶ ካሣዬ ቢሮ ሄድኩ።

«ኅዳር ላይ ብናደርገውስ? ያኔ ሰማዩ ይከፈታል» አልኳቸው።

«ኅዳር የበጀት ዓመቱ ሁለተኛ ሩብ ነው» አሉኝ። «ኮከቡ የታቀደው በአንደኛው ነው።»

«ኮከቡ ዕቅዱን አላየውማ።»

«አንቺ ደግሞ! ታዲያ አንችልም ብለን መሣሪያውን እንመልስ?»

አንመልስም አልኩ።

ሐምሌ 12 ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ማታም አላባራም። ኮከብ ማየት የሚገባቸው ተማሪዎች እረፍት ላይ ስለሆኑ በምትካቸው የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛና ከየቀበሌው የተመረጠ ሞዴል አርሶ አደር ተጠራ። ከሞዴሎቹ አንዱ አባቴ ነው፤ ኮቱን ለብሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ከሸኮ መጣ። እንግዳው እንዳይበሰብስ ከአንድ ቡና ነጋዴ ትልቅ ሸራ ተውሰን ግቢው ላይ ወጠርን። ቴሌስኮፑንም ከሸራው ሥር አቆምኩት። የፊቱን ክዳን አላነሣሁም። መስተዋቱን እርጥበት እንዳይነካው ነው፤ ማንም ያይበታል ብዬ አላሰብኩም፤ ንግግር ተደርጎ፣ ፎቶ ተነሥተን እንበተናለን ብዬ ነበር።

አቶ ዓለምሰገድ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ኮከቡ ለአካባቢው ቱሪዝም ያለውን ፋይዳ ዘረዘሩ። ከዚያ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ቴሌስኮፑ መጡና ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክዳኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከክዳኑ ፊት ሸራ አለ፣ ከሸራው በላይ ደመና አለ። አሁን ቀና ብለው «ምንም የለም» ይላሉ፣ እኔ ክዳኑን አነሣለሁ፣ ከዚያም ምንም የለም፣ ሁላችንም ስቀን ቤታችን እንገባለን ብዬ ጠበቅኩ።

«አቤት!» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። «አቤት ግርማ!»

ጭብጨባው የዝናቡን ድምፅ ዋጠው። አቶ ካሣዬ ተከተሉና «ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል» ብለው መሰከሩ። ቀጥላ ያየች አንዲት ሠራተኛ ኮከቡ ሁለት እንደሆነ ተናገረች፤ ከኋላዋ ያለው ደግሞ ሦስተኛ ጨመረበት። ሰልፉ በፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ማንም አላየሁም የሚል ስለሌለ የሚያዘገይ ነገር አልነበረም። እኔ ክዳኑ አጠገብ ቆሜያለሁ። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።

የአባቴ ተራ ደረሰ። ባርኔጣውን አውልቆ አየ።

«ጨለማ ነው» አለ ጮክ ብሎ።

አቶ ዓለምሰገድ ሳቅ አሉና «አባባ፣ ሳይንስ ትንሽ ትኩረት ይፈልጋል። ልጅዎ ባለሙያ ናት አይደል? እሷን ይጠይቋት» አሉት።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አጸደ፣ አለ እንዴ?»

ስለ ሰማይ እሱ ነበር ለእኔ የሚነግረኝ፤ ጠይቆኝ አያውቅም። አቶ ዓለምሰገድ ያዩኛል። አቶ ካሣዬም ያዩኛል። እኔ ያየሁት ቴሌስኮፑ በሳጥን ተመልሶ መኪና ላይ ሲጫን ነው።

«ደህና አድርገህ እይ፣ አባዬ» አልኩት።

እንደገና ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ቀና ሲል «አዎ» አለ ዝግ ብሎ፤ «ዓይኔ ደክሟል ማለት ነው።» ለእሱም ተጨበጨበለት። ያን ሰዓት ራሴን ጠላሁት። ቢሆንም ክዳኑን አላነሣሁም።

በማግስቱ ሪፖርቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ኮከቡን ያየው ሕዝብ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ይላል። እኔ የቆጠርኩት ዘጠና አራት ነበር። ቀሪው ከየት መጣ ብላቸው አቶ ካሣዬ «ሰው ያየውን ለቤተሰቡ አይናገርም እንዴ?» አሉኝ። ታች «የባለሙያ ማረጋገጫ» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ ስሜ ተጽፏል። ፈረምኩ። ኅዳር ላይ ሁሉን እክሳለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ቴሌስኮፑ እዚሁ ይቅር እንጂ።

ነሐሴ ላይ አባቴ በስብሶ ቤቴ መጣ። አማን ሆስፒታል ውሎ መመለሱ ነው። ምን ልትሠራ ብለው፣ ዓይኑን ሊታይ። ሳይነግረኝ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል።

«ይህን የምታክል ምልክት ከዚያ ማዶ አሳዩኝ» አለ ጥፍሩን እያሳየ። «ሁሉንም አወቅኋት። ዓይንህ የጎረምሳ ነው አሉኝ። ታዲያ ያን ኮከብ ለምን አጣሁት?»

ነገርኩት። ስለ ክዳኑም፣ ስለ ፊርማዬም። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ሻዩን አማስሎ፣ አማስሎ፣ ሳይጠጣው አስቀመጠው።

«እኔ እኮ ሰዎቹን አላመንኩም» አለኝ። «አንቺን ነው ያመንኩት።»

ዝናቡ ሳያባራ ተነሥቶ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኅዳር ሲመጣ ከተማሪዎቼም በፊት እሱን አምጥቼ ኮከቡን በቴሌስኮፕ ላሳየው ምዬ አደርኩ።

መስከረም ላይ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ግማሹ ምስጋና ነው። ሌላው ግማሽ እንዲህ ይላል፦ «መሣሪያው በከባድ ዝናብና ደመና ውስጥም ኮከብ ማሳየት የሚችል መሆኑ በባለሙያ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ከዚህ የባሰ ጉም ወዳለበት ወደ ጌጫ ተዛውሮ አገልግሎት እንዲሰጥ ተወስኗል።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለሙያዋ እኔ ነኝ።

አቶ ዓለምሰገድ ለርክክብ ራሳቸው መጡ። አቶ ካሣዬ ቢሮ ተቀምጠው ሳለ ገባሁና ቆሜ ተናገርኩ።

«ያን ምሽት ማንም ምንም አላየም። የቴሌስኮፑ ክዳን አልተነሣም ነበር።»

አቶ ካሣዬ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። አቶ ዓለምሰገድ ምንም አልደነገጡም። ቦርሳቸውን ከፍተው ሪፖርቱን አወጡና ጣታቸውን ከገጹ ግርጌ ላይ አሳረፉ።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው አይተሻል። አላየሁም ካልሽ ደግሞ በሐሰት ፈርመሻል፤ እሱ ሌላ ፋይል ነው። የትኛው ይሻልሻል?»

እሳቸውም ክዳኑ እንዳልተነሣ ያን ጊዜውኑ ያውቁ እንደነበር ከፊታቸው አነበብኩ። ሳጥኑን ሁለት የቀን ሠራተኞች ተሸክመው ሲያወጡ በሩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ከሳምንት በኋላ፣ ክፍል ጨርሼ ስወጣ፣ ስልኬ ጮኸ። ሆሳዕና ናት፤ ድሮ ያስተማርኳት፣ አሁን ጌጫ ላይ ፊዚክስ የምታስተምር።

«ቲቸር፣ መሣሪያው ትናንት ደርሶልናል!» አለች። ድምፅዋ የእኔን የግንቦቱን ደስታ አስታወሰኝ። «መርሐ ግብሩ ሐሙስ ነው። እዚህ ግን ጉሙ የግቢውን በር እንኳ አያሳይም። እናንተ እንዴት አሳያችሁት? እባክዎ ዘዴውን ይንገሩኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። አቶ ዓለምሰገድ «አቤት ግርማ» ያሉትን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። አባቴ ጋ ስደርስ ሳቋን አቆመች።

«ሆሳዕና፣ ስሚኝ» አልኳት። «መሣሪያውን ይውሰዱት ግድ የለም። ሪፖርት ፈርሚ ሲሉሽ ግን እንዳትፈርሚ። አላየሁም በይ። እኔ ያቃተኝን አንቺ በይው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«አለሁ፣ ቲቸር» አለች። «ፈርሜያለሁ እኮ። የማረጋገጫ ቅጹ ከመሣሪያው ቀድሞ ነው የደረሰን።»