በዶርካስ ወጥ ቤት የሚያልፈው ድንበር

የኦምብሊ አጥቢያ ድንበር የሚጠበቀው በእግርና በአርጩሜ ነው። በየዓመቱ ዕርገት ሲቃረብ ምእመኑ የአኻያ አርጩሜውን ይዞ ከቄሱ ጋር ድንበሩን ይዞራል፤ ድንጋዩን፣ ዛፉን፣ አጥሩን እየገረፈ። ያልተገረፈ የኛ አይደለም። በአያቶቻችን ዘመን ዝናብ ፈርተው አንድ ኩሬ ሳይገርፉ ቢያልፉ፣ የጎረቤት አጥቢያ ሰዎች፣ ስታግፎርዶች፣ ኩሬውን ከነዳክዬዎቹ ወሰዱት። እስካሁን ያናድደኛል።

ሰልፉን ሲመሩ የኖሩት ቶዘሮች ናቸው፤ ከአባቷ ቀጥሎ ዶርካስ ቶዘር። ድንበሩ በወጥ ቤቷ መሃል ስለሚያልፍ ሁላችንም በፊት በር ገብተን፣ ምድጃዋን ገርፈን፣ የፖም ጠጇን ቀምሰን በጓሮ እንወጣለን።

ፊሊፓ ከለንደን መጥታ የሰፈረች ገና አዲስ ሰው ናት። እየዞረች ሽማግሌውን ሁሉ የኦምብሊን ታሪክ ጠየቀች። ዶርካስም ሻይ እያፈላች የአባቷን ወግ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችላት። ፊሊፓ ያንን ሰብስባ በአጥቢያው አዳራሽ ስታወራው ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ቄሱም ደስ ብሏቸው «ዘንድሮ ፊሊፓ ትምራን» አሉ።

ዶርካስ እርር ድብን አለች። በማግስቱ ሱቅ በር ላይ ያዘችኝ።

«ስማ ዊልፍ፣ የገዛ አባቴን ለኔ ታስተዋውቀኝ ጀመር! ትናንት መጥታ!»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ የነገርሻት?»

«ነገርኳት እንጂ ሰጠኋት?»

 

የዙሩ ዕለት በሯ ተቆልፎ ጠበቀን። ቄሱ ቢያንኳኩ መልስ የለም። በኋላ ከፎቁ መስኮት ብቅ አለች።

«ወይዘሮ ዶርካስ፣ ደህና ነዎት? ቢከፍቱልን...» አለች ፊሊፓ።

«አልከፍትም። ታሪክ ታውቂ የለ? በታሪክሽ ግቢ!»

ፊሊፓ ፊቷ ቀላ። የመሪውን አርጩሜ ወደ ላይ ዘረጋችላት። «እርስዎ ይምሩን። እኔ ምንም አይመስለኝም።»

ምነው ብትሰድባት ኖሮ! ይኼኛው ባሰ።

«ምጽዋት አልለመንኩሽም!»

እኔ ፈራሁ። ካልገባን ቤቷን ሳንገርፍ በአጥሩ በኩል መዞራችን ነው፤ ያኔ ቤቱ ለስታግፎርዶች ሊቀር ነው። መቃብራችን ደግሞ ጠባብ ስለሆነ የሌላ አጥቢያ ሰው አይቀበርበትም። ባሏ ሬጅ እዚያ ነው ያለው፤ ከጎኑ ያለችው ቦታ ለሷ ተብላ ነው የቆየችው።

«ዶርካስ፣ ተይ በናትሽ!» ብዬ ጮህኩ። «ከሬጅ ጎን ማን ሊተኛ ነው?»

መልሱን ለኔ አልሰጠችኝም። ፊሊፓን ቁልቁል አየቻት።

«እሷን አስተኟት! ያልወሰደችብኝ እሱን ብቻ ነው።»

መስኮቱን ዘጋችው። ትመለሳለች ብለን ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ፣ የለችም። በመጨረሻ ፊሊፓ እያለቀሰች አጥሩን ገረፈች፤ እኛም ተከትለናት ገረፍን።